ድመት ሆዷ ሲደርቅ



ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በዚህ ወር ልናስተናግደው የመረጥነው አንዲት እህታችን የላከችልንን ነው። እህታችን እንደገለጸችው በቤቷ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ድመት አለች። ልጆቿም ከድመቷ ጋር ነው ያደጉት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ድመቷ በሦስት በአራት ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም እያቃሰተች ካልሆነ አትጸዳዳም። የሚወጣትም እንደ ጠጠር የደረቀ ነው። ጎረቤቷ የምግብ ዘይት በግድ እንድታጠጣት መክራታለች። ወንድሟ ሰናመኪ አፍልታ እንድትሰጣት ነግሯታል። ባለቤቷ ደግሞ «አርጅታለች፤ በጆንያ አድርጋችሁ ራቅ ያለ ቦታ ጣሏት» ብሏል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ድመቷን አልጋቸው ሥር ይደብቋታል። እህታችን የጠየቀችን ሦስት ነገር ነው። ሕመሙ ይድናል ወይ? በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን? የሰው መድኃኒትስ ይሆናታል ወይ?

ላሟ ወይም በጉ ሲታመምበት ሐኪም የሚጠራ ቤተሰብ ስለ ድመት ሲሆን ብዙ አይጨነቅም። አይጥ እስከያዘች ድረስ ትኖራለች፤ ሲያማት ጥግ ይዛ ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሳት ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ እህታችን መጠየቋ ራሱ የሚመሰገን ነው። አጭሩ መልሳችንም ይህ ነው፦ የቆየ የድመት ሆድ ድርቀት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መጠጥ የሚነቀል በሽታ አይደለም። ይሁን እንጂ በውሃ፣ በምግብና ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ለዓመታት ሊያዝ ይችላል። ከሕመሙ ይልቅ ቶሎ ሊገድላት የሚችለው አዝነንላት በችኮላ የምንሰጣት ነገር ነው። ዝርዝሩን በየተራ እንመልከት።

ሆድ ድርቀቱ እንዴት ይጀምራል?

ጤነኛ ድመት ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ትጸዳዳለች፤ በየሁለት ቀኑ የምትጸዳዳም አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልወጣት በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቀን ከገባ ለሐኪም ማሳየት ተገቢ ነው።

የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ከምግብ ተረፈ ላይ ውሃ መምጠጥ ነው። ሰገራው በጊዜው ከወጣ እርጥበቱ ልከኛ ይሆናል። ከዘገየ ግን አንጀቱ መምጠጡን ስለማያቆም በየሰዓቱ እየደረቀና እየጠነከረ ይሄዳል። የደረቀ ሰገራ ሲወጣ ያማል። ያመማት ድመት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ትይዘዋለች። ስትይዘው የባሰ ይደርቃል። ሕመሙ ራሱን በራሱ የሚመግበው በዚህ መንገድ ነው። ጉዳዩ ካልታከመ ሰገራው ጨርሶ የማይወጣበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚያም አንጀቱ እንደተነፋ ፊኛ ተለጥጦ ጡንቻው የመግፋት ኃይሉን ያጣል። ሐኪሞች ይህን የመጨረሻ ደረጃ ሜጋኮሎን ይሉታል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተለጠጠ አንጀት ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም። ሕመሙን በጊዜው መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምልክቶቹ ድመቷ ለመጸዳዳት ደጋግማ ተቀምጣ አለመቻሏ፣ ስታምጥ ማልቀሷ፣ ምግብ መተዋ፣ ማስታወኳ፣ ጠጉሯን አለማጽዳቷና ሆዷን ሲነኳት መቆጣቷ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ ጥቂት ቀጭን ፈሳሽ፣ ንፍጥ ወይም ደም ያለበት ነገር ሾልኮ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ተቅማጥ ነው ብሎ የተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጣታል። የማቆሚያው መድኃኒት የአንጀቱን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገየው የባሰ ይዘጋታል።

ከሁሉ በፊት፦ የሽንት ነው ወይስ የሰገራ?

የሚያምጥ ድመት ሁሉ ሆዱ የደረቀ አይደለም። በተለይ ወንድ ድመት ከሆነ የሽንት መውጫው በጣም ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠር ወይም በንፍጥ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ የሆነ ድመት ልክ ሆዱ እንደደረቀበት ይቀመጣል፤ ያምጣል፤ ይጮሃል፤ ብልቱንም ይልሳል። የሰገራው መዘግየት ቀናት ይሰጠናል፤ የሽንት መዘጋት ግን ቀናት አይሰጥም። ሙሉ በሙሉ ሽንቱ የተዘጋበት ድመት ደሙ በመርዝና በፖታሲየም ተበክሎ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለሆነም ወንድ ድመታችሁ ሲያምጥ ካያችሁት መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ዛሬ ሸንቷል ወይ?» የሚለው ይሁን። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ወይም ጠብታ ብቻ ካለበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት። በዚያ ሰዓት ዱባ መቀቀል ወይም ዘይት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

መንስኤው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የሰውነት ውሃ ማነስ ነው። በዕድሜ የገፋች ድመት ብዙ ጊዜ ኩላሊቷ ይደክማል። የደከመ ኩላሊት ውሃን በሽንት ያባክናል። ሰውነቷም የጎደለውን ለመሙላት ከአንጀት ውስጥ ያለውን ውሃ አሟጥጦ ይወስዳል። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት የእህታችን ድመት ደሟና ሽንቷ ቢመረመር የምንለውም ለዚህ ነው። ሆዷን ብቻ ብናክም ሥሩ ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

ሌላው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ዳሌዋና ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ድመት ለመጸዳዳት መቀመጥ ስለሚያስቸግራት ትተወዋለች። መኪና ገጭቷት ወይም ከጣሪያ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመባት ድመትም መውጫው ይጠብባታል። እንዲህ ያለ ጉዳት ከብዙ ወራት በኋላ ነው ራሱን የሚገልጠው። አጥንት መብላት፣ ስትልስ የምትውጠው ጠጉር፣ ውፍረት፣ የፖታሲየም ማነስ፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻና የአለርጂ መድኃኒቶችም ያደርቃሉ። የአሸዋው ሳጥን መቆሸሽም መንስኤ ነው፤ ድመት ንጹሕ እንስሳ ስለሆነች የቆሸሸ ቦታ ከመሄድ መያዝን ትመርጣለች።

እንደዚያም ሆኖ ምክንያቱ የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ሰገራቸው ጨርሶ የተዘጋባቸውን 120 ድመቶች መዝገብ አሰባስበው ሲመለከቱ፣ 62 በመቶ የሚሆኑት አንጀታቸው ያለ ግልጽ ምክንያት የተለጠጠ ሆኖ ተገኝቷል። 23 በመቶዎቹ ደግሞ የዳሌ አጥንታቸው የጠበበ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ምርመራ ቢደረግም ሁልጊዜ «ይኸውላችሁ ምክንያቱ» የሚል መልስ እንደማይገኝ ነው። መንስኤው ባይታወቅም እንክብካቤው ግን ይታወቃል።

ውሃ የመጀመሪያው መድኃኒት

የቤት ድመት ዘሯ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ከሰው ጋር የኖረችበትም ዘመን ረጅም ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። ይህች የበረሃ ዘር ጥማትን የምትችል፣ ሽንቷን እጅግ አወፍራ ውሃ የምትቆጥብና አብዛኛውን ውሃዋን ከምትይዘው አደን የምታገኝ ናት። የአይጥ ሰውነት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ ድመት ደረቅ ምግብ ስትበላ እንደ ውሻ ሮጣ ሄዳ ብዙ አትጠጣም።

በፋብሪካ የሚዘጋጀው ደረቅ የድመት ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በቆርቆሮ የታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ስለሆነም ሆዷ ለሚደርቅባት ድመት የመጀመሪያው ለውጥ ምግቧን ማርጠብ ነው። በዐረብ አገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህ ቀላል ነው፤ የቆርቆሮውን ምግብ ገዝቶ አንድ ሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ መጨመር ነው። አገር ቤት ላለን ደግሞ መንገዱን ቀጥሎ እናመለክታለን።

የመጠጫ ውሃዋን በሚመለከት፦ በቤቱ ውስጥ ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጡላት። ዕቃው ሰፋ ያለና እስከ አፉ የተሞላ ይሁን። በየቀኑ ለውጡት። ከአሸዋው ሳጥን አርቃችሁ አስቀምጡት። አንዳንድ ድመት የሚንጠባጠብ ቧንቧ ትወዳለች፤ ይህንንም ሞክሩ። አሳ ወይም ሥጋ የተቀቀለበት ውሃ፣ ሽንኩርትና ጨው ያልገባበት ከሆነ፣ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ያጓጓታል።

ሶሐባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ለውዱእ የቀረበላቸውን ውሃ አንዲት ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው እንዳጠጧት በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው የድመት ትራፊ ንጹሕ መሆኑን ስንማር ነው። እግረ መንገዱን ግን ሌላም ያስተምረናል። ለራስ የቀረበን ውሃ ለእንስሳ ማዘንበል ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ሆዷ ለደረቀባት ድመት ደግሞ ይህች ደቂቃ በየቀኑ ያስፈልጋታል።

ከማድቤታችን ምን ይሰጣት?

በአገራችን የአብዛኛው ድመት ምግብ የገበታ ትራፊ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ፣ አጥንትና ጅማት ይጣልላታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው ሽንኩርት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛው አጥንት ነው። የተቀቀለ የዶሮና የበግ አጥንት ተሰባብሮ አንጀቷን ሊወጋ ይችላል፤ የተፈጨው ክፍል ደግሞ ሰገራዋን እንደ ኖራ ያጠነክረዋል። ሆዷ የሚደርቅ ድመት አጥንት ፈጽሞ አይሰጣት።

ታዲያ ምን ይሰጣት? ወጡ ከመሠራቱ በፊት፣ ሽንኩርቱ ድስት ሳይገባ፣ ከሥጋው ወይም ከአሳው ቁራጭ ለይታችሁ ለብቻው በውሃ ቀቅሉላት። እሾሁንና አጥንቱን ልቀሙ። መረቁን አትድፉት፤ አብራችሁ ስጧት። በመረቁ ውስጥ ውሃ ብቻ ሳይሆን ታውሪን የሚባለው ለድመት ልብና ዓይን የግድ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገርም አለ፤ ሥጋ ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል። ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ በጥቂቱ ይበቃታል፤ ዘወትር ጉበት ብቻ የምትበላ ድመት በቪታሚን ኤ ብዛት አጥንቷ ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ ደረቅ ቀይ ሥጋ ብቻ መመገብም የካልሲየም እጥረት ያመጣል። ስለዚህ ለወራት የሚቀጥለውን አመጋገብ ሐኪሟ አይቶ ቢያስተካክለው ይመረጣል።

ብዙ ቤት ወተት እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። ያደገች ድመት ብዙ ጊዜ የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማትችል ወተት ሊያስቀምጣት ይችላል። ይህን ያየ ሰው «ፈታላት» ይላል። ተቅማጥ ግን ውሃ ያባክናል፤ በማግሥቱ ድርቀቱ ብሶ ይመለሳል።

ስለ ቃጫማ ምግብ ስንነጋገር በቅርባችን ያለው ዱባ ነው። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ከምግቧ ጋር አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ እየቀላቀሉ መጀመር ይቻላል። በመድኃኒት ቤት ሲሊየም በሚል ስም የሚሸጠው የዘር ገለባም ጥሩ ነው፤ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ተጀምሮ በእርጥብ ምግብ ይለወሳል። ገለባው ውሃ ይዞ እንደ ሙጫ ያብጥና ሰገራውን ያለሰልሰዋል። ነገር ግን ቃጫ ያለ ውሃ ከተሰጠ ራሱ ይደርቅና መዝጊያ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንጀቷ የተለጠጠባት ድመት ከሆነች ቃጫ ሸክም ይጨምርባታል። ለእንዲህ ያለችው የሚያስፈልገው በተቃራኒው ተረፈ ሰገራው ጥቂት የሆነ፣ በደንብ የሚፈጭ ምግብ ነው። ዱባው ለአንዷ ጠቅሞ ሌላዋን የሚጎዳው ለዚህ ነው። ጎረቤት የሰጣችሁን ምክር ከመከተላችሁ በፊት የእናንተ ድመት በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለች እወቁ።

ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶች

በመጀመሪያ ሐኪሙ ሆዷን በእጁ ዳስሶ፣ ከተቻለም ራጅ አንስቶ የታጨቀውን መጠን ያያል። ሰውነቷ ውሃ ካጠረው ከቆዳዋ ሥር ወይም በደም ሥሯ ፈሳሽ ይሰጣታል። ሰገራው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ በፊንጢጣ በኩል በዝግታ በማስገባት፣ አንዳንዴም አደንዝዞ በእጅ በማውጣት አንጀቷን ባዶ ያደርጋል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ አይሞከርም። አንጀቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው የዘወትሩ መድኃኒት የሚጀምረው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። አንጀት የማይመጠው የስኳር ዓይነት ስለሆነ እስከ ትልቁ አንጀት ወርዶ ውሃ ይስባል። በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የተለመደው መነሻ መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ይህም ለ4 ኪሎ ድመት በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መጠኑን እዚህ የጻፍነው ራሳችሁ እንድታዙ አይደለም። ለአዋቂ ሰው የሚታዘዘው 15 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ለድመት ምን ያህል ከልክ ያለፈ እንደሆነ እንድታዩት ነው። የስኳር በሽታ ያለባት ድመት ከሆነች ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሁለተኛው ፖሊኢትሊን ግላይኮል 3350 የሚባለው ዱቄት ነው። ጣዕም ስለሌለው ከእርጥብ ምግብ ጋር ሲቀላቀል ድመቷ አታውቀውም። ላክቱሎስን በመርፌ አልባ ስሪንጅ በአፏ ለመስጠት ስትሞክሩ ለምትቧጭር ድመት ይህ እፎይታ ነው። የተለመደው መጠን ከስምንተኛ እስከ ሩብ የሻይ ማንኪያ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሰገራውን ልስላሴ እያየ ያስተካክለዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች ውሃ የሚስቡ ስለሆኑ መጠኑ ከበዛ ተቅማጥ ያመጡና የሰውነቷን ውሃ ያሟጥጣሉ።

ሦስተኛው ሲሳፕራይድ ነው፤ ታሪኩም ትምህርት ያለበት ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሰው የጨጓራ ቃር ተፈቅዶ ነበር። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ስላስከተለ እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ ተነሣ። በድመቶች ላይ ግን በተለመደው መጠን ይህ ጉዳት እምብዛም ስላልታየ፣ የእንስሳት ሐኪሞች በልዩ ትእዛዝ በሚቀምሙ መድኃኒት ቤቶች በኩል መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ሥራውም የትልቁን አንጀት ጡንቻ ማነቃቃት ነው። ጡንቻው ገና ጉልበት ላለው ድመት ይጠቅማል፤ ጨርሶ ለሞተ ጡንቻ አይፈይድም። ሰገራው ጥርቅም ብሎ በተዘጋበት ሰዓትም አይሰጥም። ከአንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችና ከኤሪትሮማይሲን ጋር አይጣጣምም። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ እርሱን ይተካል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ይህ መድኃኒት የሚሠራው በጨጓራና በላይኛው አንጀት ላይ ስለሆነ ለዚህ ሕመም አይተካውም።

ይህ ሁሉ ካልሠራና አንጀቱ ከተለጠጠ የተበላሸውን የትልቁን አንጀት ክፍል ቆርጦ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አለ። አብዛኞቹ ድመቶች ከዚያ በኋላ ደህና ሆነው ይኖራሉ፤ ለሳምንታትና ለወራት ግን ሰገራቸው ቀጭን ይሆናል። ይህን ቀዶ ሕክምና በየቦታው ማግኘት አይቻልም፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ እዚያ ደረጃ ላይ ከመድረስ በፊት በየዕለቱ የሚደረገው ጥንቃቄ ዋጋው ርካሽ ነው።

ፈጽሞ የማይሰጧት

እህታችን ለጠየቀችው ለሦስተኛው ጥያቄ መልሳችን እነሆ። አንደኛ፣ ለሰው ተብሎ የሚሸጠው ፎስፌት ያለበት የፊንጢጣ ማጠቢያ ለድመት መርዝ ነው። ፎስፌቱ ወደ ደሟ ገብቶ ካልሲየሟን በድንገት ያወርደዋል፤ በዚህም ይጥላትና ሊገድላት ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘይት በግድ አፏ ውስጥ አይፈስስም። ዘይት ስለማይቆረቁር ሳታስል ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ የሚከተለውም የሳንባ ምች ነው። ሦስተኛ፣ ሰናመኪ፣ የጉሎ ዘይትና እነርሱን የመሰሉ ማስቀመጫዎች አንጀትን እያስገደዱ የሚያኮማትሩ ናቸው። መውጫው በደረቀ ሰገራ ተዘግቶ ሳለ አንጀቱን ከኋላ መግረፍ ሥቃይ ብቻ ነው። አራተኛ፣ አምጣ ስታለቅስ ሕመሟን ለማስታገስ ፓራሲታሞል አትስጧት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማጣራት ስለማይችል አንዲት ፍሬ ብቻ ልትገድላት ትችላለች።

ሳትበላ የምትቆይበትንም ቀን ቁጠሩ። በተለይ ወፍራም ድመት ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሌላ ከባድ በሽታ ያመጣባታል። ማስታወክና ምግብ መተው ከድርቀቱ ጋር ከተደመሩ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

ለልጆች የሚሰጥ የቤት ሥራ

መምህራን እንደመሆናችን ለልጆች ሥራ ማደል ይቀናናል። ድመቷን አልጋ ሥር ለሚደብቁት ልጆች ከመደበቅ የሚሻል ሥራ አለን። አንድ ደብተር ወስደው ገጹን በስድስት ዓምድ ይክፈሉት፦ ቀን፣ የበላችው፣ የጠጣችው፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ መድኃኒት። በሰገራው ዓምድ «ደረቅ»፣ «ልከኛ» ወይም «ቀጭን» ብለው ይጻፉ። በየሳምንቱ ድመቷን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡና የራሳቸውን ክብደት ቀንሰው ክብደቷን ይመዝግቡ። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ይህ ደብተር ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። መድኃኒቱ መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለበት የሚታወቀውም ከእርሱ ነው።

አሸዋውን የማጽዳት ተራም በልጆቹ መካከል ይደልደል። ሳጥኑ በቀን አንድ ጊዜ ይጽዳ። የአንዱ ጠርዝ ዝቅ ይበል፤ የሚያማት አሮጊት ሳትዘል እንድትገባ። ከአንድ በላይ ድመት ካለ ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ የሚበልጥ ሳጥን ይኑር። ያጸዳ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እርጉዝ እናት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ትተው። ጠጉሯን በየቀኑ ማበጠርና በክር ጥቂት ማጫወትም ከሕክምናው ይቆጠራል፤ የምትንቀሳቀስ ድመት አንጀቷም ይንቀሳቀሳል። ሲያበቃ ግን ክሩ ይሰብሰብ፤ የዋጠችው ክር አንጀቷን ይቆርጣል።

ለአባወራው ወንድማችን

በመጨረሻ «ጣሏት» ላለው ወንድማችን በአክብሮት የምንለው አለን። ድመትን በማሰሯ ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የተነገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። የሴቲቱ ጥፋት አላበላቻትም፣ ከምድር ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላም አለቀቀቻትም የሚል ነው። አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ መልቀቅ ይበቃል» ሊል ይችላል። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት በቤት ውስጥ ኖራ ያረጀች፣ ዳሌዋ የሚያማት፣ ሆዷ የተዘጋ ድመት በማታውቀው ሰፈር ከጆንያ ብትፈታ አድና የምትበላበት ጉልበት የላትም። ውሻ ካላገኛት ጥማት ያገኛታል። እንዲህ ያለው መልቀቅ ከማሰር ብዙ አይርቅም።

ደግሞም የሚጠየቀው ከአቅም በላይ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ምርመራ፣ ከዚያ ያልጨው መረቅ፣ የታጠበ የውሃ ዕቃ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና አንድ ደብተር ነው። በአካባቢያችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ካለ ከብት ብቻ ነው የሚያየው ብላችሁ አትለፉት፤ ገብታችሁ ጠይቁ። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ሐኪሙ መርምሮ የሚቻለውን ይነግራችኋል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይመክራል። ልጆቹም በምክሩ ላይ ይቀመጡ። ደካማ ሲያረጅ በአንድ ቤት ምን እንደሚደረግለት ልጆች የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ ከሚያዩት ነው።

በሚቀጥለው ወር እትማችን በዝናብ ወቅት የዶሮ ቤት አያያዝን በሚመለከት የደረሱንን ጥያቄዎች እናስተናግዳለን፤ ኢንሻ አላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።